በአርባ ነው የምነዳው

«አባባ፣ በአርባ ነው የምነዳው።»

ይህን ያልኩት ባለፈው ጥር መጨረሻ ነው፤ ሱሉልታ ውስጥ ከአስፋልቱ ወደ ቤቴ በሚያስገባው የገረጋንቲ መንገድ ላይ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ከመኪናዬ ወርጄ። ከቮልሴ አፍንጫ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ቆሟል። በሽቦ የሚያሽከረክራት የብስክሌት ቸርኬ ከእጁ አምልጣ መንገዱ መሐል ወድቃለች። ከኋላዬ ጎማዎቼ ገረጋንቲውን የቧጨሩባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይታያሉ። ልጁ አልተነካም። ትንሽ አየኝና ቸርኬውን አንሥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ።

ከአጥራቸው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ መብረር ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ፣ እንዲያውም ትንሽ ቅር ብሎኝ፣ በአርባ እንደምነዳ ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። መሬቱ ላይ ያሉትን መስመሮች አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ቮልሷን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ የፍጥነት መለኪያዋ ጠቋሚ አንድ ቀን እንኳን ከዜሮ ተነሥቶ አያውቅም። ታዲያ አርባን ከየት አመጣሁት?

ለመዋሸት አስቤ አልነበረም። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቀዋል፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ብላቸው ኖሮ የእኔ አስተያየት ይሆን ነበር፤ ሽማግሌውም «የለም፣ ትፈጥናለህ» ማለት ይችሉ ነበር። «በአርባ» ስላቸው ግን አስተያየት ሳይሆን ማስረጃ ነው ያቀረብኩባቸው። ቁጥር ሲነገራቸው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ለብዙ ቀናት አልለቀቀኝም።

ዜሮ ብሎ የሚመልስ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት። ኮተቤ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛኋት። ሰውየው ቁልፉን ሲሰጡኝ «ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፣ ፍጥነቱም አያሳይም፤ ሌላው ደኅና ነው» ብለው በግልጽ ነግረውኛል። እኔም ለማሠራት አልተጣደፍኩም። ቮልስ የሚነዱ ጓደኞቼ «በጆሮ ትለምደዋለህ» አሉኝ፤ ለመድኩትም፣ ወይም የለመድኩት መሰለኝ። ከኋላዬ የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ ማርሽ መቀየር፣ ድምፁ ሲወፍር መጫን፣ ሲቀጥን ማላላት ደስ ይለኝ ነበር። ከመኪናዋ ጋር የተግባባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሞተው የፍጥነት ሰዓት ዐይኔን ይወጋኝ ጀመር። እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን ዓይነት የፍጥነት መለኪያ ኦቶ ሹልትዘ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሲሆን፣ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመሠረቱ አልተለወጠም። በቮልስ ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከፊት ግራ ጎማ ነው። ጎማው ሲዞር፣ ከመካከሉ የሚነሣ ቀጭን የሽቦ ገመድ በሽፋኑ ውስጥ አብሮ ይዞራል። ገመዱ ሾፌሩ ፊት እስካለው ሰዓት ወጥቶ ከጀርባው ያለ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱን የከበበ የአልሙኒየም ጽዋ አለ። ሁለቱ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው አየር ብቻ ነው። ማግኔት እንደምናውቀው አልሙኒየምን አይስብም፤ ሲሽከረከር ግን በአልሙኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅስና ጽዋውን አብሮት እንዲዞር ይጎትተዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ ደግሞ ጽዋውን ወደኋላ ትይዘዋለች። የመጎተቱና የመያዙ ኃይል እኩል በሚሆንበት ቦታ ላይ ጠቋሚው ይቆማል። ያ ቦታ ነው ፍጥነታችን።

እዚህ ላይ ነው ቆሜ ያሰብኩት። ገመዱ ሲበጠስ ማግኔቱ ይቆማል፤ የሚጎትት ይጠፋል፤ ያቺ ሞላ ብቻዋን ትቀርና ጠቋሚውን ዜሮ ላይ ታስተኛዋለች። የተበላሸ ሰዓት «አላውቅም» አይልም፤ «ቆመሃል» ይላል። በሙሉ ፍጥነት ቁልቁል እየወረድኩም፣ ደጄ ላይ ቆሜም የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። እኔም ለሽማግሌው ያደረግሁት ከዚህ አይለይም። የማላውቀውን ስጠየቅ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ለእኔ የሚመቸኝ ቦታ ላይ ጠቋሚዬን አስተኛሁ።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ጥፋት ሲሆን ግን ለራሳችን የምንቆርሰው ስንት ያህል እንደሆነ ማንም አይመዝንብንም። ስለ ሚኒባስ ሾፌሮች አነዳድ ስንት ጊዜ እንዳማረርኩ አስታወስኩ። እነርሱን ስከስስ በዐይኔ ነው የምለካው፤ ራሴን ሳይ ግን በጆሮዬ።

አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ

ቤቴ አጠገብ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ አሮጌ መካኒክ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው አሮጌውን ገመድ ራሳቸው ነቅለው ጠቅልለው ሰጡኝና «ሶማሌ ተራ ስትሄድ ይህን ይዘህ ሂድ፤ ቃል ብቻ ይዘህ አትሂድ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ በገባሁበት የመጀመሪያ ሱቅ የተሰጠኝ ገመድ ከእኔው ጋር ጎን ለጎን ሲዘረጋ አንድ ጋት ያህል ያጥር ነበር። አራተኛው ሱቅ ውስጥ በርዝመትም በጫፉ ቅርጽም የሚመሳሰል አገኘሁ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች፣ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ፣ ዕቃዋ እስካሁን ከገበያ አልጠፋም።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፤ የፊት ግራ ጎማ ወለቀ። በጎማው መካከል የኩሽኔታውን ግራሶ ከአቧራ የሚከልል ትንሽ የብረት ቆብ አለ። ቆቡ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። የገመዱ ጫፍም አራት ማዕዘን ነው፤ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ከውጭ በትንሽ መቆለፊያ ሽቦ ይያዛል። ጎማውና ገመዱ የሚተሳሰሩት በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ሌላ ማርሽ፣ ሌላ ጥርስ የለም።

ጋሼ አዲሱን ገመድ ከመግጠማቸው በፊት ከፊት ኮፈኑ ሥር ገብተው ከሰዓቱ ጀርባ ያለውን ማያያዣ ፈቱ። ከዚያ የአሮጌውን ገመድ ቁራጭ ሰዓቱ ውስጥ ሰክተው በጣቶቻቸው መካከል አሽከረከሩት። ጠቋሚው ብድግ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ያየሁት ነገር በሁለት ጣት ሲነሣ ሳይ ደነገጥኩ። «ሰዓቱ ደኅና ነው» አሉኝ። ሰዓቱ ራሱ ከውስጥ ነክሶ ቢሆን ኖሮ አዲሱንም ገመድ በጥሶ ይጥለው ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ገመድ እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል። የገመዳችን ሞት ምክንያት ታች ነበር። ገመዱ ከጎማው ጀርባ በሚገባበት ቦታ መኖር የነበረበት የላስቲክ ሽፋን የለም። በክረምት የሱሉልታ ጭቃና ውኃ በዚያ ሲገባ ኖሮ ሽቦውን አዝጎ በጥሶታል።

አዲሱን ገመድ ግራሶ ሲቀቡት ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ደረቁን ተዉት። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ገመዱ ሲዞር ግራሶውን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሰዓቱ ውስጥ ከገባ ያቺን ቀጭን ሞላ ያበላሻታል አሉኝ። ከላይ ወደ ታች ሲያሳልፉት የትም ቦታ ላይ አጥፈው እንዳይሰብሩት ይጠነቀቁ ነበር። በጠባቡ የታጠፈ ገመድ ጠቋሚውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ፣ እስከ ጥግ ወደ ግራ አስዞሩኝና ገመዱ እንዳይወጠር፣ ጎማውም እንዳይፈገፍገው አዩ። መቆለፊያዋን ሽቦ ለማቀበል ስጣደፍ አቧራው ላይ ጣልኳት፤ ሁለታችንም ተንበርክከን ስንፈልግ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ፣ ያለ ቁጣ።

ጎማው ተገጠመ፤ ተነሥቼ ነዳሁ። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ነው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ተስፋ መቁረጥ ለአንድ ሜትር ከምናምን ሽቦ የሚገባ አይመስልም፤ ግን ተሰማኝ። ተመለስኩ። ጋሼ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ቆቡን እያዩ መኪናዋን በቀስታ እንድገፋት አዘዙኝ። ጎማው ይዞራል፣ ቆቡም ይዞራል፣ የገመዱ ጫፍ ግን ቆሟል። ቀዳዳው ከዘመን ብዛት ማዕዘኖቹ ተበልተው ክብ ሆኗል። አራት ማዕዘን ጫፍ በክብ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጎማው በባዶ ይዞርበታል።

ሶማሌ ተራ ልመለስ ስል ከለከሉኝ። ስስ የነሐስ ቁራጭ አወጡ፤ በመካከሉ በሱት፤ ከዚያ በትንሽ ሞረድ ክቡን ወደ አራት ማዕዘን ይለውጡት ጀመር። እየሞረዱ የገመዱን ጫፍ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ በትንሹ ይሞርዳሉ። ሲሰፋ እንደገና ስለሚንሸራተት ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ፀጉር እንኳን መብላት የለባቸውም። ጫፉ ሳይወዛወዝ ጥብቅ ብሎ ሲገባ ነሐሱን ቆቡ ላይ በየዱት። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ያለ፣ ከጤፍ ጥቂት የሚበልጥ ማዕዘን ለመመለስ።

በዚህ ጊዜ ገና የጋራዡን ደጅ ሳልወጣ ጠቋሚው ተነሣ። አሥር፣ አሥራ አምስት። ቁጥር ቆጣሪው ላይ የመጨረሻዋ ቁጥር በቀስታ መንቀሳቀስ ጀመረች። አምስት አኀዝ ብቻ ስላላት፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሞልታ ወደ ዜሮ እንደተመለሰች ሊናገር የሚችል የለም። ቀኑንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።

«ስንት ትላለህ?»

ሐሳቡ የባለቤቴ ነው። «ሰዓቱን እያየህ ከነዳህ ምንም አታውቅም፤ ከእርሱ ጋር ትስተካከላለህና» አለችኝ። እሑድ ማለዳ ወጣን። እርሷ ደብተር ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። ሰዓቱን በካርቶን ከእኔ ዐይን ከለልነው፤ ከእርሷ በኩል ብቻ ይታያል። እንደ ልማዴ እነዳለሁ፤ «ስንት ትላለህ?» ስትለኝ የጆሮዬን ቁጥር እናገራለሁ፤ እርሷ ሁለቱን ቁጥሮች ትጽፋለች፣ የሰዓቱን ግን አትነግረኝም።

መጀመሪያ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ያለውን ዳገት ወጣን። ሞተሩ እያጓራ ነው። «ሃምሳ» አልኩ። ጻፈች። ከዚያ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ አስፋልት ላይ «ስልሳ» አልኩ። ጻፈች። በመጨረሻ ወደ ቤታችን የሚወርደው ገረጋንቲ፤ ላይኛው ጫፍ፣ ቤትም አጥርም የሌለበት፣ እስከ ታች ድረስ ባዶነቱ የሚታይ። እንደ ወትሮው በአራተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ለቅቄ ወረድኩ። ሞተሩ ከኋላ ዝም ብሏል። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ስንት ትላለህ?»

«አርባ።»

የእስክሪብቶዋን ድምፅ አልሰማሁም። ዞር ስል አልጻፈችም፤ ሰዓቱን እያየች ነው። «ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። ካርቶኑን አንሥታ ደብተሩን ሰጠችኝ። ዳገቱ ላይ ሃምሳ ያልኩት 36 ነበር። አስፋልቱ ላይ ስልሳ ያልኩት 70። ከአርባው ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው። «ሃምሳ ስምንት» አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቁልቁለት ላይ «ትፈጥናለህ» ስትለኝ ኖራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የመለስኩላት ያንኑ ቁጥር ነው። ያን ዕለት ግን ይህን አላነሣችብኝም፤ እኔም የምናገረው አጣሁ። ሞተሩን አጥፍተን ትንሽ ተቀመጥን።

ጆሮዬ ምን እንዳደረገ አሁን ይገባኛል። እኔ የምሰማው ፍጥነትን አልነበረም፤ ድካምን ነበር። የእኔዋ ቮልስ ስትሠራ 44 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከስሱ አየር የተነሣ ከዚህም ሩብ ያህሉን ታጣለች። ስለዚህ ዳገት ላይ ትጮኻለች፤ እኔም ጩኸቱን ፍጥነት እለዋለሁ። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ሞተሩ ያርፋል፤ እኔም ዕረፍቱን ዝግታ እለዋለሁ። መኪናዋ በዳገት ስትሰቃይ የምፈራው፣ አደገኛ የምትሆነው ግን ጸጥ ስትል ነው። መንገዱ ደግሞ የቤቴ መንገድ ነው። እያንዳንዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። የሚያውቁት መንገድ ላይ ነገሮች ቀስ ብለው የሚያልፉ ይመስላል።

ለሰዓቱም ቢሆን ጭፍን እምነት አልሰጠሁትም። የሚቆጥረው የግራ ጎማዬን ዙር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው 500 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማው ከቀድሞው ቢተልቅ ወይም ቢያንስ ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ ሌላ ቀን አስፋልት ላይ ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፤ ሰዓቱ 60 ሲል ስልኩ 56 አለ። ስለዚህ 58 የተባለው በእውነቱ 54 አካባቢ ነው። እንዲህም ቀንሼለት ሒሳቡን ሠራሁ። በ40 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ በ54 ደግሞ 15 ሜትር። ልጁን አይቼ እግሬ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ፈጀብኝ ብንል፣ ገና ፍሬን ሳልይዝ ልዩነቱ አራት ሜትር ነው። ከያዝኩ በኋላም መኪናዋን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው፤ ከ40ው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በእኔና በልጁ መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር።

በቁጥሩ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ሁለት እርምጃው የእኔ ችሎታ እንዳልሆነ ታወቀኝ። ልጁ ቸርኬዋን ተከትሎ አንድ እርምጃ ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለፖሊስም፣ ለእናቱም፣ ለራሴም «በአርባ ነበር የምነዳው» እል ነበር፤ ከልቤም አምኜው እል ነበር።

ገብስ

ሽማግሌው ጋ የሄድኩት በየካቲት አጋማሽ ነው። አጥሩ ሥር እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ መንገዱ ዳር፣ ሰፊ ሰሌን ላይ ገብስ ተሰጥቷል። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤናቸውና ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅሁ። ከዚያ «አባባ፣ ያን ቀን አርባ ያልኩዎት ልክ አልነበረም። አሁን አስለክቼዋለሁ፤ ሃምሳን አልፎ ነበር» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። የተቆጡም የተደሰቱም አይመስሉም። «እኔ እንግዲህ ቁጥሩን አላውቀው» አሉኝ። «እኔ የማውቀው አቧራውን ነው። ጋሪ ሲያልፍ አቧራው ከመንገዱ አይወጣም። ያ ወተት የሚያመላልሰው መኪና ሲያልፍ እስከ ቦዩ ይደርሳል። አንተ ስታልፍ እዚህ ነው የሚያርፈው።» እጃቸውን ገብሱ ላይ አሳረፉ። «ባለቤቴ ሁልጊዜ ታበጥረዋለች።»

ሦስት ዓመት ሙሉ መንገዱ ዳር የተቀመጠ መለኪያ ነበር። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ማዕዘኑም አልተበላም። ጠይቄው ብቻ አላውቅም። ያን ቀን መሬቱን አይተው ዝም ሲሉ ቁጥሬ ያሸነፋቸው መስሎኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ባለቤታቸውንም እንዲጠይቁልኝ ለመንኳቸው። እርሳቸው ግን ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት፤ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ በልግ ዝናብ። ልነሣ ስል ወደ መኪናዋ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ሰዓቱ ተሠራ አልክ?»

«ተሠርቷል፣ አባባ።»

«እስቲ እለፍና ልየው።»

ሄጄ ሞተሩን አስነሣሁ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጠቋሚው 20 ላይ ሳይደርስ፣ በፊታቸው አለፍኩ። ጥቂት ርቄ በመስታወቱ ወደኋላ ስመለከት ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተዋል፤ ሰሌኑ አጠገብ አጎንብሰው ገብሱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር።